ጠያቂ የበዛበት ዘንዶ

እዚህ አገር ሰው ብዙ ነገር እምቢ ማለት ይችላል። አላገባም ማለት ይችላል፤ ትንሽ ይታማል፣ ከዚያ ይተዉታል። ቤት አልሠራም፣ ከዘመድ አልታረቅም፣ ጸጉሬን አልቆረጥም ማለትም ይችላል። «አልበላም» ማለት ግን አይችልም። አልበላም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ሊናገረው አፉ አልታዘዝለት ያለ መርዶ ይዟል። ጠግቦ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር አንድ ሰው እንኳ አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከሚዛን ተፈሪ ቴፒ እስክደርስ ሦስት ቤት ገብቼ ሦስት ምሳ በልቻለሁ፤ ሦስተኛው ቤት ላይ እጄን ስሰበስብ «ምነው፣ ምን አስቀየምንህ?» ተብያለሁ። ታዲያ ይህ ሕግ በሰው ላይ ብቻ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ለካስ በዘንዶም ላይ ይሠራል!

እኔ ሚዛን ተፈሪ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚለኝ፤ ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ «ያገኛችሁትን እባብ ሁሉ አትግደሉ፤ አብዛኛው ምንም አያደርጋችሁም፣ እንዲያውም ጎተራችሁን ከአይጥ ይጠብቅላችኋል» እያልኩ ሰብኬአለሁ። ስብከቴ የሰው ጆሮ መግባቱን ግን እጠራጠር ነበር። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ጋሽ ማቴዎስ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው በሬን አንኳኩ። ጋሽ ማቴዎስ ሸዋ ቤንች ቡና ያላቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸው ገበሬ ናቸው። ከረጢቱ ይንቀሳቀሳል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ የቡናቸውን ሥር ሲመነጥሩ ገጀራቸው ሣር ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ነካ። ቢያዩት ትንሽ ዘንዶ ነው፤ ከክንዴ ብዙም የማይበልጥ ግልገል። ጀርባው ላይ ተቆርጧል። ሌላ ሰው ቢሆን የጀመረውን ይጨርስ ነበር፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ እኔም ገጀራ በእጄ፣ ዘንዶ በእግሬ ሥር ሆኖ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እሳቸው ግን ቆመው አዩት። ሊነክሳቸው አልሞከረም፣ ሊሸሽም አልቻለም፤ ዝም ብሎ አያቸው። አንጀታቸውን በላው። ልጆቻቸው ከእኔ ሰምተው የነገሯቸው ትዝ አላቸውና ከረጢት ውስጥ ከተው፣ በሞተር ተሳፍረው ይዘውልኝ መጡ። «ያው ቲቸር፣ አትግደሉ ብለሃል፤ አልገደልኩም። ቀሪው ያንተ ሥራ ነው» ብለውኝ ቁጭ አሉ። ሰው ያስተማረውን ነገር አንድ ቀን በከረጢት ያመጡልኛል ብሎ አይጠብቅም።

አሁን የቀረው ፈተና እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ አከራዬ ናቸው። በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ባላቸውን ቀብረው ግቢውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ፣ እባብ የሚል ቃል ሲሰሙ ሦስት ጊዜ የሚያማትቡ ሴት። ሄጄ ነገርኳቸው። አማተቡ። ከዚያ ከጠበቅሁት ሁሉ ውጪ የሆነ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ቆስሏል ወይ አሉ። አዎ አልኳቸው። ቁስሉ ሽሮ፣ በልቶ ሲበረታ ሸኮ ወስጄ ጫካ እለቀዋለሁ ብዬ ማልኩ። «እንግዲህ ቆስሎ የመጣ እንግዳ አይባረርም» አሉ። ነገር ግን እሳቸው እሱ ያለበት ደጃፍ ላይደርሱ፣ እኔም ስሙን በዚያ ግቢ ላልጠራ ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «እንግዳህ» ሆነ። ለእንግዳዬም በግቢው ጥግ ያለችውን፣ ድሮ ማገዶ ይቀመጥባት የነበረችውን ክፍል ሰጡት። ፊቱ የወንፊት ሽቦ የሆነ የእንጨት ሣጥን አሠራሁለት፣ ውሃ በቲማቲም ቆርቆሮ አስቀመጥኩለት።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ መጥቶ ቁስሉን አጠበለት፣ መድኃኒት ቀባለት። ከዚያ እጁን እየታጠበ «እኔ የማውቀው ላም ነው፤ አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ካልበላ ቁስሉ አይሽርም፣ ቁስሉ ካልሻረ ደግሞ ይሞትብሃል» ብሎኝ ሄደ። መብላት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህ ምን ይከብዳል? ብዬ አሰብኩ።

ምግቡም ችግር አልነበረም። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ከድር ስሙን የማልጠራው እንግዳ አይጥ እንደሚበላ ሲሰማ ፊቱ በራ። ከድር አይጥ ከመጋዘኑ ማጥፋት አቅቶት የኖረ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን እንደ ሸቀጥ ነበር ያቀረበልኝ። በወጥመድ የያዛትን በወረቀት ጠቅልሎ «ይቺ የፉርኖ ዱቄት ላይ ያደገች ናት ቲቸር፤ ቆሻሻ የሚባል አታውቅም» አለኝ። ከሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩለት። እንግዳው አያት። ዞር አለ። በማግስቱ ሌላ አመጣን። ምላሱን አውጥቶ አሸተታትና ጥግ ሄዶ ተጠቀለለ። እኔ እንግዲህ ዓይኔ እያየ የሚከሳ ፍጡር ነበር በእጄ ያለው፣ ደግሞስ እንዴት የሚያምር! ቡናማው ከጥቁሩ ጋር ተጠላልፎ ጀርባው ላይ የወረደበት አኳኋን፣ አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር፣ ያ አለመቸኮሉ። ሁልጊዜ ጠዋት በሩን ስከፍት ሞቶ እንዳላገኘው እፈራ ነበር።

በዚህ መሃል ነሐሴ ገባ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ገባ፤ ፍልሰታ ሲገባ እትዬ ብርቄ ነገሩ ሁሉ ገባቸው። «አሃ፣ ጾሞ ነዋ!» አሉ። ወዳጆቼ፣ ከዚህ በኋላ ምን ልበል? እኔ ስለ ሙቀት፣ ስለ ድንጋጤ፣ ስለ ቆዳ መግፈፍ ላስረዳ እሞክራለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ጾመኛን አይጥ ብላ እያልኩ ማስቸገሬን ነውር አድርገው ያዩብኛል። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በግቢያችን በኩል እያለፈ በሽቦው አጮልቆ ያደንቀው ጀመር። «ሰው አልጾምም ይላል፣ ፍጥረት እንዲህ ይጾማል» እየተባለ ስንት ሰነፍ ጾመኛ በእሱ ተገሠጸ። ከድር ብቻ ነበር ነገሩን የመረመረው። «የእኛ ቢሆን ፀሐይ ስትጠልቅ ይበላ ነበር፣ የእናንተ ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይቀምስ ነበር፣ ይሄ ግን የማንም አይደለም፣ ታሟል» አለ። እኔ የከድርን ያህል የሚያስብ ባልደረባ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አላውቅም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። በየቤቱ ዶሮ ተበላ። እንግዳው አልበላም። አሁን መከራ መጣ።

እስከዚያ ቀን ድረስ መጾሙ የተከበረለት ፍጡር፣ በፍስክ ቀን አለመብላቱ ሰፈሩን አስደነገጠ። አንድ ግቢ ውስጥ የማይበላ አለ ማለት ታማሚ አለ ማለት ነው፤ ታማሚ ካለ ይጠየቃላ! ጥየቃ ተጀመረ። ጧት የዕድሩ ሴቶች መጡ፣ ከሰዓት የከድር ቤተሰብ መጣ። ሰው ከሽቦው ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን በመዳፉ ይዞ እንግዳውን ያያል፣ «ከሳ አይደል?» ይላል፣ ሌላው «ዓይኑ ገብቷል» ይላል። (ዘንዶ ዓይኑ ሲገባ ምን እንደሚመስል ማን አይቶ?) ባዶ እጁን የመጣ የለም። አንዷ አጥሚት አመጣች። ከድር ጥሬ እንቁላል አመጣ። እትዬ ብርቄ ራሳቸው ደጃፉ ላይ ሳይደርሱ በእኔ በኩል ጸበል ላኩለት። እንቁላሉም አጥሚቱም ሽቦው ሥር ተደርድሮ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ሲባል ይውላል።

ከሁሉም አንጀቴን የሚበላኝ የጋሽ ማቴዎስ ነገር ነበር። ጥፋቱን የእሳቸው አድርገውታል። ከሸዋ ቤንች በዝናብ በጭቃ እየመጡ ሣጥኑ ፊት ቁጭ ይላሉ፤ ከራሳቸው ቀፎ የቆረጡትን ማር ይዘው። አንድ ቀን ስገባ በቤንችኛ ያዋሩታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ መማጠን ነገር። ቤንችኛ ብዙ ባልሰማም ይቅርታ እየጠየቁ እንደሆነ ከአንገታቸው አቀማመጥ ይታወቃል። ሲያዩኝ ትንሽ አፈሩና «እናንተ በአማርኛ ብላ ብላ ትሉታላችሁ፤ እሱ የኛ አገር ልጅ ነው፣ አማርኛ የት ያውቃል?» አሉኝ። ፊታቸው እንዳልስቅ ወደ ውጪ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ግን አልሳቅሁም። አንድ ሰው ሳያውቅ ለቆረጠው እባብ ይህን ያህል ሲጨነቅ ሳይ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሰበክሁት ነገር ለካ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ውስጥ ነበር አልኩ።

ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ ቁስሉ ዙሪያውን መቅላት ጀመረ። ስልኬን ይዤ ኔትወርኩ ወደሚሻልበት ወደ ጎዳናው ወጣሁና ስለ ዘንዶ አመጋገብ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ለካስ የታወቀ ነገር ነው! ዘንዶ ሰው እያየው አይበላም። መሸሸጊያ ይፈልጋል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ ጸጥታ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ በቀን ሠላሳ ሰው በርጩማ ላይ አስቀምጠን «ብላ እንጂ» ስንለው ነው የከረምነው። በእኛ ፍቅር ነው ሊሞት የደረሰው።

ሮጬ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። እኔን ሃያ ሦስት ቀን የፈጀብኝን ነገር እሳቸው ለመረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። «ምን ማለትህ ነው? ዓይን ነዋ! ሰው እንኳ ሲጠጣ ይከለልለታል» አሉ። የሚጠጣ ሰው በነጠላ እንደሚከለል እኔስ መች አጣሁት? በእናቴ ነጠላ ሥር ስንት ጊዜ ወተት ጠጥቻለሁ። ግን አየህ፣ ዲግሪ የሚባል ነገር የምታውቀውን ያስረሳሃል። እትዬ ብርቄ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ረጅም የሸምበቆ ዘንግ ያዙ፣ እያማተቡ ያን የማይደርሱበትን ደጃፍ ተሻገሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነጠላውን በዘንጉ ጫፍ ሣጥኑ ላይ ጣሉት። እኔ አንበሳ የገደለ ሰው አላየሁም፤ ባይም ከዚህ የሚበልጥ አይመስለኝም።

እንዳጋጣሚ በማግስቱ ከዕድራችን አንድ አዛውንት ዐረፉና ሰፈሩ ተጠራርቶ በሁለት መኪና ለቀብር ወጣ። እኔም፣ ከድርም፣ እትዬ ብርቄም ሄድን። ከመሄዴ በፊት አንዲት የዱቄት አይጥ ከነጠላው ሥር አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ እንግዳው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አልነበረም። ቀብሩ ላይ ቆሜ (እግዜር ይቅር ይበለኝ) ሐሳቤ ከሟቹ ጋር አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ስንመለስ የነጠላውን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ አየሁ። አይጧ የለችም። የእንግዳዬ ሆድ መሃሉ ላይ ጉብ ብሏል፤ እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ተጠቅልሏል። እንባዬ መጣ። አዎ፣ ለእባብ አለቀስኩ፤ የፈለገ ይሳቅ።

ጮክ ብዬ «በላ!» ማለቴ ግን የሕይወቴ ትልቁ ስሕተት ነበር። ምክንያቱም ያን ጊዜ ነው ካነበብኩት ውስጥ ቀሪው ክፍል ትዝ ያለኝ፤ ዘንዶ በልቶ ሳይፈጭ ከተረበሸ የበላውን ይተፋል። ይህ ደግሞ ከስቷል፣ ቆስሏል፤ ከተፋ አለቀለት። ውጪ ደግሞ እትዬ ብርቄ እልል ብለዋል። ነገ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረልህ» ሊለኝ፣ እሱንም ሊያየው ይመጣል። እንዴት ላስቀረው? አትምጡ ብል ተቀየመን ብለው ሊታረቁኝ ይመጣሉ። አገረሸበት ብል ለጥየቃ ይመጣሉ። ሞተ ብል ሊያስተዛዝኑ ይመጣሉ፤ ድንኳንም ከመጣል አይመለሱም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ሐበሻን ከደጃፍህ የሚያስቀር ምን ዓይነት ወሬ አለ?

አንድ መላ መጣልኝ። እኔ ታመምኩ። መኝታ ክፍሌ ከማገዶ ቤቷ ራቅ ያለ ነው፤ ጠያቂ ሁሉ ወደ እኔ ይሳባል፣ እሱ ያርፋል ብዬ ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ። አቤት ብልሃት! ሰዉ መጣ፣ አልጋዬን ከበበ፣ አጥሚቱ አሁን ለእኔ ሆነ። ስንት ሰው አፍ አፌን እያየ እንዴት ይዋጣል? አልበላም አልኩ። ይህም ሲገርመኝ፣ ሰዎቹ ከእኔ ሲነሱ ምን ይላሉ? «እሱንም በዚያው ጠይቀነው እንሂድ።» ለካ አንድ መንገድ ሁለት ታማሚ እንዲጠየቅበት ነው ያመቻቸሁላቸው። በመስኮት ሆኜ ሰልፉ ወደ ማገዶ ቤቷ ሲያመራ እያየሁ፣ ታማሚ ነኝና ተነስቼ መጮህ አልችልም። እትዬ ብርቄ ብቻ ወደ ኋላ ቀርተው፣ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ለኩኝ፣ ቀዝቃዛ መሆኔን አረጋገጡና ወጡ።

በማግስቱ ሰው የሚባል አልመጣም። ጠዋት ማንም፣ ከሰዓት ማንም። ከድር ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «ቲቸር፣ አላህ ያሽርህ!» ብሎ ጮኸና አይጡን በፌስታል በአጥሩ ላይ አንጠልጥሎ ተፈተለከ። ጋሽ ማቴዎስ መጡ፤ ከአጥር ውጪ ሆነው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ መስኮቴ ዘርግተው ጸለዩልኝና ተመለሱ። ምን ጉድ ነው? ብዬ አንገቴን በመስኮት ሳወጣ ማገዶ ቤቷ በር ላይ እትዬ ብርቄን አየኋቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ለእንግዳው ሰጥተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ያን ሸምበቆ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። እባብ ሲባል የሚያማትቡት ሴትዮ!

ወደ ምሳ ሰዓት ሽሮ በሰሐን ይዘው ገቡ። አጠገቤ ተቀመጡና ተነስቼ እንድበላ አዘዙኝ። ሰው የት ገባ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይጋባል ተብሎ ነዋ» አሉ። «ያ እንግዳህ በሽታውን ላንተ ሰጥቶ ነው የዳነው ይባላል። ወደ እሱም ወደ አንተም የሚጠጋ የለም።»

ማን ነው እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራው ብዬ ተንጨረጨርኩ። ባዮሎጂ መምህር ነኝ እኮ! ከእባብ ወደ ሰው የሚጋባ አለመብላት የሚባል በሽታ በየትኛው መጽሐፍ አለ?

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ እያደረጉ። «ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገርኳት፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ።»

እጃቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው። በላሁም፤ ሰሐኑን ጠረግሁት። እሳቸው ባዶውን ሰሐን አንስተው ሲወጡ፣ ታዲያ መቼ ተሻለው እንደሚባል ጠየቅኋቸው፤ ለነገ ወይ ለከነገ ወዲያ እንዲያደርጉልኝ።

እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ዞር አሉ። «እንግዳህ በርትቶ ጫካ እስኪገባ ስንት ጊዜ ይፈልጋል?»

ሳላስብ አንድ ወር አልኳቸው።

«እንግዲያው አንድ ወር ታመሃል» ብለው በሩን ዘጉት። ይኸው ዘንዶው ትናንት ሁለተኛ አይጡን በልቷል፣ ቁስሉም መጠገግ ጀምሯል፤ እኔ ገና ሃያ ሁለት ቀን ይቀረኛል።